የእጅ ፍሬን በዘይት መቆለፊያ ይተካል ወይ?
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገር የታዘዝኩት ስለ መኪናችን ነው። የእጅ ፍሬኗ አልይዝ ማለቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ለቅሶ ቤት በሄድን ቁጥር ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ፍለጋ የሚሯሯጡትን ልጆች አይታችኋልና። ባለፈው ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት አባላችን አሜሪካን አገር ያለ ወንድሙ የላከለትን «ላይን ሎክ» የሚባል የፍሬን መስመር መቆለፊያ ለእድሩ በነጻ እሰጣለሁ፣ የእጅ ፍሬኑ ወልቆ በእሱ ይተካ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ልጁ ከራሱ አውጥቶ ለማኅበር ሊሰጥ መነሣቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን እቤቴ ገብቼ ሳወጣ ሳወርድ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግሥቱ ለእድሩ ዳኛ ብነግራቸው «እንግዲያው አንተው ተነሥተህ ለሕዝቡ አስረዳ» አሉኝ። ዕድሜዬን በመሪና በጋራዥ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ እምቢ ለማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ የምንነጋገርበትን መኪና እንወቅ። መኪናችን ሻንሲዋ ረጅም የሆነው ላንድሮቨር ናት፤ ሲሪየስ ሦስት የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተሠራው ዓይነት። አሮጊት ናት፣ ግን ጠንካራ አሮጊት ናት። ድንኳኑን፣ የብረት ቋሚዎቹን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ጎላውንና ብረት ድስቱን እሷ ናት የምታመላልሰው። ሰፈራችን ደግሞ በእንጦጦ ግርጌ ያለ ሰፈር ስለሆነ ሜዳ ላይ ያለ ለቅሶ ቤት በጣት የሚቆጠር ነው። መኪናዋ የምትቆመው ተዳፋት ላይ ነው፤ የምትቆመውም ሰው በሚበዛበት፣ ሕፃናት በሚሯሯጡበት፣ እናቶች ሽንኩርት በሚከትፉበት ደጃፍ ላይ ነው።

ዳገት ላይ የቆመ መኪና ምን ያህል እንደሚጎትት ብዙ ሰው አይገምተውም። መቶ ሜትር ሲሄዱ ሃያ ሜትር ከፍ የሚል ዳገት እንውሰድ፤ እንዲህ ያለው በእኛ ሰፈር ብርቅ አይደለም። መኪናዋ ጭነቷን ጨምራ 2,000 ኪሎ ትመዝናለች ብንል፣ ወደ ታች የሚስባት ኃይል ወደ 390 ኪሎ ይጠጋል። አራት ኩንታል ጤፍ በገመድ ታስሮ ቁልቁል ይጎትታታል ማለት ነው። ሾፌሩ ገብቶ እዝን እስኪቀመጥ፣ ንፍሮ ቀምሶ እስኪወጣ ድረስ ያ አራት ኩንታል አይደክመውም። ጥያቄው እንግዲህ እሱ ሳይደክመው የያዘው ነገር ይደክመዋል ወይ ነው።

አሁን ስለ እግር ፍሬን ትንሽ ልበል። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ዋናው የፍሬን ፓምፕ ዘይቱን ይገፋዋል፤ ዘይቱም በቀጭን ቱቦ ሄዶ በየጎማው ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ፓምፖች ይገፋል፤ እነሱ ደግሞ የፍሬን ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቁታል። ላይን ሎክ የሚባለው እቃ በዚያ ቱቦ መካከል የሚገባ በር ነው። ፔዳሉን ትረግጣለህ፣ በሩን ትዘጋለህ፣ እግርህን ስታነሣ ግፊቱ እዚያው ታፍኖ ይቀራል። ሌላ ምንም ተአምር የለውም። በእጅ የሚዘጋ አለ፣ በኤሌክትሪክ የሚዘጋም አለ።

እቃው በብዛት የሚታወቀው በመኪና እሽቅድምድም ነው። አሜሪካኖች ቀጥ ባለ አጭር መንገድ ላይ የሚያደርጉት እሽቅድምድም አለ። ከመነሣታቸው በፊት የፊቱን ፍሬን ቆልፈው የኋላውን ጎማ በቦታው ያሽከረክሩታል፤ ጎማው ሲሞቅ አስፋልቱን ይበልጥ ይይዝላቸዋልና። ሥራው የጥቂት ሰኮንድ ነው፤ ሾፌሩም መሪው ላይ ነው። ለዚያ ሥራ ጥሩ እቃ ነው። ጭነት መኪና ላይም ከእጅ ፍሬን በተጨማሪ እንደ ረዳት የሚገጠም ተመሳሳይ እቃ አለ። «በተጨማሪ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው በእጅ ፍሬን ፋንታ አትጠቀሙበት ብለው ያስጠነቅቃሉ።

ለምን ያስጠነቅቃሉ? ዘይት የማይታመቅ ነገር ስለሆነ ነው። ይህ ጠባዩ ጥቅሙም ጉዳቱም ነው። የማይታመቅ በመሆኑ እግራችን የገፋውን ሁሉ ሳያጎድል ለጎማው ያደርሳል። በዚያው ልክ ግን ጥቂት ጠብታ ከጎደለ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። አየር የተሞላ ጎማ ትንሽ ቢያስተነፍስ ገና ብዙ አየር ይቀረዋል፤ ዘይት ግን እንዲያ አይደለም። በየጎማው ፓምፕ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ሲያረጅ ትንሽ ያላባል። ፔዳሉን ለሦስትና ለአራት ሰኮንድ ረግጠን ስንለቅ ያ ላበት አይታወቅም፣ ፍሬኑም ጤነኛ ይመስላል። የእግር ፍሬን ሥራው የሰኮንድ ነውና። ማቆም ግን የሰዓት፣ አንዳንዴም የሌሊት ሥራ ነው። በሰኮንድ የማይታየው ላበት በሁለት ሰዓት ውስጥ መኪናውን ይፈታዋል። በዚህ ላይ ከእንጦጦ ቁልቁለት ወርዶ የቆመ መኪና ፍሬኑ ግሏል፤ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ይሰበሰባል፣ የጎማው ቱቦም ይላላል፣ ግፊቱ ሾፌሩ እንደ ቆለፈው አይቆይም። በኤሌክትሪክ የሚሠራውማ ከዚህም የባሰ ነው። በሩን ዘግቶ የሚይዘው ኤሌክትሪኩ ስለሆነ እስከ ቆመ ድረስ ባትሪ ይበላል፣ ጥቅሉም ይግላል፤ ባትሪው ሲያልቅ በሩ ይከፈታል።

አንዲት እናታችን ከዚህ ስብሰባ በፊት «ልጄ፣ ይህን ነገር ለእኛ በሚገባን አስረዳን» ብለውኝ ነበር። እትዬ፣ ድንኳን ስንተክል ገመዱን ከካስማ ጋር እናስራለን አይደለም እንዴ? አንድ ጎረምሳም ገመዱን በእጁ ሊይዘው ይችላል፤ ጉልበት ካለው ከካስማውም አጥብቆ ይይዘዋል። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ይዞ ይቆማል? የዘይቱ መቆለፊያ ጎረምሳው ነው፣ የእጅ ፍሬኑ ካስማው ነው።

የእጅ ፍሬኑን እንግዲህ እንየው። በላንድሮቨራችን የእጅ ፍሬኑ እንደ ብዙዎቹ መኪናዎች ከኋላ ጎማዎች ጋር የተያያዘ አይደለም። ከካምቢዮው በስተኋላ፣ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ በሚወስደው ዘንግ መነሻ ላይ፣ ለብቻው አንድ ታምቡር አለ። እጀታውን ስንስበው በብረት ዘንጎች አማካይነት በውስጡ ያሉትን ሁለት ሸራዎች ይከፍታቸዋል፤ እጀታው ደግሞ በብረት ጥርስ ላይ ተነክሶ ይቀራል። ከዘይት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ታምቡሩ ትንሽ ቢሆንም ጉልበቱ ትንሽ አይደለም፤ የኋላው ዲፈረንሻል ዘንጉ 4.7 ጊዜ ሲዞር ጎማውን አንድ ጊዜ የሚያዞር ስለሆነ፣ ዘንጉን የያዘ ፍሬን ጎማውን በዚያው ልክ አባዝቶ ይይዘዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። የእጅ ፍሬኑን ስበን እግራችንን ከፔዳሉ ስናነሣ መኪናዋ ትንሽ ነቅነቅ ብላ ነው የምትቆመው። «ይኸው ለቀቀ!» እንላለን። መልቀቋ አይደለም። በዲፈረንሻሉና በመገጣጠሚያዎቹ ጥርሶች መካከል ክፍተት አለ፤ ያ ክፍተት እስኪሞላ ነው የምትነቃነቀው። ይህን የማያውቅ ሾፌር እጀታውን በጉልበት እየጎተተ ዘንጉን ያጣምማል።

የነገሩ ዋና ቁም ነገር ይህ ነው። መኪና ሲሠራ ሁለት የተለያዩ ፍሬኖች የተሰጡት አንዱ ሲከዳ ሌላው እንዲደርስ ነው። ቱቦ ቢበጠስ፣ ዘይት ቢያልቅ፣ እግር ፍሬኑ ባዶ ቢረግጥ፣ ሾፌሩ የመጨረሻ ተስፋው ያ እጀታ ነው። እጀታውን አውጥተን በዘይቱ መስመር ላይ መቆለፊያ ብናስገባ ሁለት የነበረውን አንድ አደረግነው ማለት ነው። ዘይቱ የከዳን ቀን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይከዱናል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ድርጅት ውስጥ የምነዳት ትንሽ የጭነት መኪና ነበረች። የእጅ ፍሬኗ ገመድ ተበጠሰ። ገመድ ገዝቶ እንደ መቀየር በአንድ ጋራዥ በእጅ የሚዘጋ የፍሬን መቆለፊያ ተገጠመላት። እኔም ደስ አለኝ፤ በአንድ ጣት ጫን ማድረግ ብቻ ነውና። ሦስት ሳምንት ያህል ያለ ምንም ችግር ሠራች። እንዲያውም ስለተማመንኩባት ማርሽ አስገብቶ የመውጣት ልማዴን ተውኩት፣ ታኮ ማድረግንም ተውኩት።

አንድ ቀን የሥራ ባልደረባችን አባት ሞተው ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። ቦታው ተዳፋት ነው። ፔዳሉን ረገጥኩ፣ ቆለፍኩ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ ማርሹን ነጻ ላይ ትቼ ገባሁ። ምናልባት አርባ ደቂቃ ተቀምጠናል። ከውጭ ጩኸት ሰማሁ፤ የለቅሶ ጩኸት መስሎኝ ነበር። ስወጣ መኪናዋ ቦታዋ ላይ የለችም። ቁልቁል ሄዳ የጎረቤቱን የቆርቆሮ አጥር ጥሳ የማድ ቤቱን ግድግዳ ደርምሳለች። እማድ ቤቱ ውስጥ ሴቶች ለለቅሶተኛው ቡና ሲቆሉ ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ቡናውን ይዘው ወደ ድንኳኑ ወጥተዋል። የቀረው ምድጃውና አንድ በርጩማ ነው። በርጩማው ከጎማው ሥር ነበር።

በኋላ መኪናዋን ከፍተን አየናት። የተበጠሰ ቱቦ የለም፣ መሬት ላይም የፈሰሰ ዘይት አልታየም። በአንደኛው የኋላ ጎማ ውስጥ ጎሚኒው ረጥቦ፣ ከአቧራው ጋር ተለውሶ አገኘነው። ይኸው ነው። ጥቂት ጠብታ። ፔዳሉን ስንረግጠው ደግሞ ፍሬኑ ጤነኛ ነበር! ጥፋቱ የእቃው ብቻ አልነበረም፤ ማርሽ ያላስገባሁ፣ ታኮ ያላደረግሁ እኔ ነኝ። ግድግዳውን ያሠራሁት ከደመወዜ በየወሩ እየከፈልኩ ነው። እሱስ ይሁን። ያ በርጩማ ግን እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ወጣቱ አባላችን «አሜሪካኖቹ ይጠቀሙበት የለም ወይ?» ብሎኛል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እዚያው አገር ለንግድ የሚሠሩ ጭነት መኪናዎችን የሚመለከት የፌዴራል ደንብ አለ፤ ቁጥሩ 393.41 ነው። ይህ ደንብ የማቆሚያ ፍሬን አንዴ ከተያዘ በኋላ ይዞት የሚቆየው ኃይል የፈሳሽ ግፊት፣ የአየር ግፊት ወይም ኤሌክትሪክ ያልሆነ ሌላ ኃይል መሆን አለበት ይላል። ለአነስተኛ መኪናዎች የወጣው ደረጃም የማቆሚያ ፍሬን በመካኒካል መንገድ ብቻ ተይዞ እንዲቆይ ያዛል፤ ሲፈተንም በሃያ በመቶ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ለ5 ደቂቃ መያዝ አለበት። ከላይ ያሰላሁት አራት ኩንታል እንግዲህ ከዚሁ የተገኘ ነው።

ትልልቆቹን የጭነት መኪናዎች ተመልከቱ። በአየር ፍሬን የሚሠሩ ናቸው፤ ሲቆሙ የሚይዛቸው ግን አየሩ አይደለም፤ ብርቱ ሞላ ነው። አየሩ ሥራው ሞላውን ጨምቆ መልቀቅ ነው። አየሩ ቢያልቅ መኪናው ይታሰራል እንጂ አይለቅም። ዘመናዊዎቹ አውቶሞቢሎችም በቁልፍ የሚታዘዝ የእጅ ፍሬን አላቸው፣ ይህም ኤሌክትሪክ ነው ትሉኝ ይሆናል። ኤሌክትሪኩ የሚያገለግለው ፍሬኑን ለማጥበቅና ለማላላት ነው። ካጠበቀ በኋላ ይዞ የሚቆየው እንደ ቡሎን ጥርስ ያለው ብረት ስለሆነ ባትሪው ቢሞት እንኳ አይፈታም።

አሁን ወደ ራሳችን ችግር። ቅዳሜ ዕለት ከሾፌራችን ጋር ከመኪናዋ ሥር ገብተን ነበር። እጀታው ጤነኛ ነው፤ ጥርሱም አልተበላም። የተበላሸው ሌላ ነው። ከእጅ ፍሬኑ ታምቡር ጋር ተያይዞ ባለው የካምቢዮ ክፍል ውስጥ ዘይት አለ፤ ያ ዘይት በዘንጉ በኩል እንዳይወጣ የሚከለክል የጎማ ቀለበት አለ። ቀለበቱ አርጅቶ ዘይቱ በቀጥታ ወደ ታምቡሩ ይገባል፣ ሸራዎቹም ዘይት ጠጥተዋል። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ምን ቢሳብ ምን ይንሸራተታል። በዚህ ዓይነት ላንድሮቨር ላይ ይህ የታወቀ በሽታ ነው። ስለዚህ ፍሬኑ አልተበላሸም፣ ዘይት ነው የበከለው። ላይን ሎኩን ብንገጥም ኖሮ በሽታው እንዳለ ይቀር ነበር፤ ዘይቱም መፍሰሱን ባልተወ፣ አንድ ቀንም ካምቢዮው ደርቆ ከእጅ ፍሬን የበለጠ ወጪ ባመጣብን።

የሚያስፈልገው እንግዲህ ቀለበቱን መቀየርና አዲስ ሸራ ማስገባት ነው። ሸራውን በቤንዚን አጥቦ መመለስ የሚባል ነገር አለ፤ እኔም በጎረምሳነቴ አድርጌዋለሁ። ሁለት ቀን ይይዝና ሲሞቅ ዘይቱ ከውስጥ ተመልሶ ያልበዋል፤ ገንዘብ ቆጠብን ብለን ራሳችንን አናታልል። ቀለበቱ ሲቀየር ደግሞ የካምቢዮው መተንፈሻ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኖ እንደሆነ ይታይ። መተንፈሻው ከተደፈነ ውስጡ የታፈነው አየር ሲሞቅ ዘይቱን ገፍቶ አዲሱንም ቀለበት ያሳልፈዋል። ዘይቱም ከልኩ በላይ አይሞላ። በመጨረሻ ማስተካከያው ሸራው ታምቡሩን እስኪይዝ ጠብቆ ጥቂት መመለስ ነው። ወጪውን ገንዘብ ያዣችን ያቀርቡላችኋል፤ ዓመታዊውን የቴክኒክ ምርመራ አልፋ ቦሎ እንድታገኝም ፍሬኗ መያዝ አለበት።

ስለ ጎማ መቀየር አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህን በተለይ ወጣቶቹ ስሙኝ። የእጅ ፍሬናችን የሚይዘው ዘንጉን እንጂ ጎማውን አይደለም ብያለሁ። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ስታነሡት ዘንጉ ተይዞም ቢሆን፣ መሬት ላይ የቀረው ጎማ ወደ አንድ ወገን ሲዞር የተነሣው ወደ ሌላው ወገን መዞር ይችላል፤ የዲፈረንሻል ጠባዩ ነው። ስለዚህ የእጅ ፍሬኑ እንደ ተሳበ መኪናዋ ከክሪኩ ላይ ልትሄድ ትችላለች። ሥሯ ሰው ካለ ምን እንደሚሆን አልናገርም። የፊት ጎማዎቿ በሁለቱም ወገን ታኮ ሳይደረግላቸው ማንም ክሪክ እንዳያስገባ። የፊቱንም ጎማ የሚያሠራውን ማርሽ ማስገባት ይረዳል፣ ግን ታኮውን አይተካም።

ለቅሶ ቤት ስንቆምም ፊቷ ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ ይግባ። መሪው ብትንቀሳቀስ ወደ መንገዱ ጠርዝ እንድትሄድ ይጠምዘዝ። ታኮውም ከመንገድ የተለቀመ ድንጋይ አይሁን፤ ክብ ድንጋይ አብሮ ይንከባለላል። ከወፍራም እንጨት በሽብልቅ ቅርጽ አራት ታኮ አስጠርቤአለሁ፤ ገመድ ስላላቸው ጎማው ሥር እጅ ሳይገባ ይሳባሉ። ሁለቱ ሁልጊዜ ከመኪናዋ ጋር ይሄዳሉ፣ ሁለቱ እቃ ቤት ይቀመጣሉ። ከድንኳኑ እቃ ጋር ተቆጥረው ወጥተው ተቆጥረው ይግቡ፤ የእቃ ቤት ኃላፊው በመዝገብ ይያዙልኝ።

ወጣቱ አባላችን ላመጣው እቃ ደግሞ ተመልሶ ለራሱ እንዲሰጠው እጠይቃለሁ። «ሁለቱም ቢኖሩስ?» ብሎኝ ነበር። ቢኖሩ የሚከለክል ነገር የለም፤ ነገር ግን ባረጀ የፍሬን ቱቦ ላይ አዲስ መገጣጠሚያ መጨመር አዲስ የሚያፈስ ቦታ መጨመር ነው። እንደኔም የሚሰንፍ ሾፌር አይጠፋም። የእሱን ቅን ልብ ግን አንመልስም። እጁ የሠለጠነ ልጅ ስለሆነ ቀለበቱንና ሸራውን ስንቀይር አብሮኝ እንዲሠራ ጠይቄው እሺ ብሎኛል።

ሥራው ገንዘቡ እንደ ተፈቀደ በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እቃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ይጀመራል። ታምቡሩ ተከፍቶ ዘይት የጠጣውን ሸራ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ፤ አሮጌ ልብስ ለብሶ ይምጣ።